ለላኪው ይመለስ

ታዴ፣ ከተለየኸኝ ነገ ስምንት ወር ይሞላል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ቁጣዬ በረድ ይበልልኝ ብዬ ነው። አልበረደም። እንግዲያው ከነቁጣዬ ልጻፍልህ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ላንድማርክ ሰፈር ያለው የአፓርትመንታችን ሊፍት አሁንም ይበላሻል። ጃኬቶችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠኋቸው። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ መኪና መንዳት ተማርኩልህ፤ "አንቺና ሃይዌይ አትገናኙም" ትለኝ አልነበር? ይኸው ከተማውን የሚዞረውን ሃይዌይ፣ ቤልትዌዩን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ብቻዬን ለቅዳሴ እሄዳለሁ። የፖስታ ሳጥኑን ቁልፍም አሁን የምይዘው እኔ ነኝ። አንተ እያለህ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም ነበር።

ናሆም የአሜሪካ ወታደር እሆናለሁ ያለን ቀን፣ "ለዚህ ነገር ከዚህ በር ከወጣህ ልጄ አይደለህም" አልከው። ያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር። ታላቅ ወንድምህ ዘምቶ እንደወጣ መቅረቱን፣ እናትህ አንድ ወረቀት እንኳ ሳይደርሳቸው በር በሩን እያዩ ዕድሜያቸውን መጨረሳቸውን ስንት ጊዜ ነግረኸኛል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ስልጠና ላይ ስልካቸውን እንደሚወስዱባቸው ሰምቼ ደብዳቤ መጠበቅ ጀመርኩ። ከሥራ በገባህ ቁጥር "ፖስታ የለም?" እልሃለሁ። "የለም" ትለኛለህ። እጅህ ላይ የማስታወቂያ ወረቀት ብቻ ነው። አንድ ቀን እንዲያውም፣ "ተይው ረስቶሻል፤ የዘንድሮ ልጅ ምን ወላጅ ያውቃል" አልከኝ። አመንኩህ።

ስለዚያ የድሮ ዘመን ወታደር ማውራት የጀመርከው በዚያው ሰሞን ነው። ጥበቃ የምትሠራባት ትንሽ ሙዚየም የአንድ ወጣት ደብዳቤዎችን በመስታወት ውስጥ አሳይታ ነበር። ከሁለት መቶ ምናምን ዓመት በፊት አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጉ የዘመተ የገበሬ ልጅ ነው፤ ለአባትና ለእናቱ የጻፋቸው ናቸው። ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ቆመህ ትውልና ሸምድደህ መጥተህ እራት ላይ በአማርኛ ትነግረኛለህ። "'እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ እናንተስ እንደምን አላችሁ' ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ልክ እንደኛ አገር ሰው!" ብለህ ሳቅክ። በረዶ ላይ እንደሚተኛ፣ ጫማው እንዳለቀ፣ ላሟ ወለደች ወይ ብሎ እንደጠየቀ ነገርከኝ። እናቱን የሱፍ ካልሲ ላኪልኝ ብሎ የለመነበት ላይ ስትደርስ ግን በናፕኪን ዓይንህን ጠረግክ።

"ላኩለት?" አልኩህ።

"አይታወቅም። የወላጆቹ መልስ አልተገኘም" አልከኝ።

አብሬህ አለቀስኩ፣ ታዴ። ለማላውቀው የሰው ልጅ።

የራሴን ጥፋት አልደብቅም። ናሆም ጋ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ከዚያ ወዲያ "ካልፈለገኝ አልለምነውም" ብዬ ኮራሁ። እንዲህ እንዲህ ስንል ሦስት ዓመት ሄደ። አንድ ጠዋት ልብህ ቀጥ አለችና አንተም ሄድክ።

ለናሆም መርዶውን የነገረው የአክስቱ ልጅ ነው። ፍትሐት ላይ በዩኒፎርሙ ከኋላ ቆሞ አየሁት። አስከሬንህን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። እኔ ግን አልሳምኩትም። ያ ሁሉ ለቀስተኛ እያየ ፊቴን አዞርኩበት። ይህን ያስደረግከኝ አንተ ነህ።

በሠልስትህ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ አጠገቤ ተቀመጠ። "ማሚ፣ ሌተሮቼን ለምንድነው የመለስሽው?" አለኝ።

"የምን ደብዳቤ?"

ቦርሳውን ከፈተ። አሥራ አንድ ፖስታ። ሁሉም በኔ ስም የተላኩ፣ ሁሉም እንደታሸጉ፣ ሁሉም ላይ በእንግሊዝኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ለላኪው ይመለስ ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ሠላሳ ዓመት የአስቤዛ ዝርዝር የጻፍክልኝ ሰው፣ እጅ ጽሕፈትህ ይጠፋኛል?

ልጁ ፊቴን አይቶ ገባው። አንድ በአንድ ቀደድናቸው። በተሰባበረ አማርኛው እየተረጎመ አነበበልኝ። ምግባቸውን በአምስት ደቂቃ እንደሚውጡ፣ አለቃው ስሙን መጥራት እንዳቃተው፣ "ዳዲን አልተቀየምኩህም ይልሃል በይው" እንዳለ። አራተኛው ላይ "እግሬ ቆስሏል፤ ወፍራም ካልሲ ላኪልኝ" ይላል።

ካልሲ፣ ታዴ። ሳትከፍተው ስለመለስከው ምን እንደለመነኝ እንኳ አታውቅም። ለሞተ የሰው ልጅ ካልሲ እያለቀስክ፣ በሕይወት ያለው ልጅህ እግሩ ይደማ ነበር።

ልሸመግልልህ ሞክሬያለሁ። ወንድሙን ያጣ ሰው ፍርሃት ነው፣ ልጁ ተማርሮ እንዲመለስ ብሎ ነው እያልኩ ለራሴ ተሟገትኩልህ። ይሆናል። ነገር ግን እናትህ የጠበቁት የማይመጣ ደብዳቤ ነው። እኔን ያስጠበቅከኝ ደብዳቤው እጅህ ላይ እያለ ነው።

ናሆም አሁን ቴክሳስ ነው። እሁድ እሁድ ኮል ያደርግልኛል። "ማሚ በቃ፣ እኔ ፎርጊቭ አድርጌዋለሁ" ይለኛል። እሱ የራሱን ይቅርታ ሰጥቶሃል፤ የኔ ገና ነው። አንጀቴ ሲቃጠል ባልሠራው ጥፋት ስንት ጊዜ እንደረገምኩት እሱ አያውቅም። ያንን የማውቀው እኔ ነኝ።

ሙት ዓመትህን ልጅህን አስመጥቼ በወጉ አወጣለሁ። ስምህም በጸሎት ይጠራል። ሰው "ምን የመሰለ ደግ ሰው ነበር" ሲለኝ አዎ እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ታምሜ በተኛሁበት ክረምት ጎንበስ ብሎ እግሬን ያጠበኝ ሌላ ሰው አልነበረም። አልረሳህም፣ ታዴ። ናሆም ወልዶ ልጆቹ "አያታችን ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብለው የጠየቁኝ ቀን፣ እግሬን ያጠብክልኝን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ቀጥዬ ደግሞ ይህንን እነግራቸዋለሁ። ግማሽ ሰው ማስታወስ አልችልበትም።

የናሆም እናት