አሥራ ሁለት ማሰሪያ ይቀረኛል

ለትንሿ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አለሁ። እሠራለሁ፣ ሲቀርብልኝም እበላለሁ። ልጄን ከቀበርኩ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ሆነኝ። ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ፣ አላነሳሽም። ስለዚህ ጻፍኩ።

ይህቺን ደብዳቤ ስጽፍ አራተኛ ቀኔ ነው። ከላውንደሪ ቤት ስመለስ ጥቂት መስመር እጽፍና እተዋታለሁ። ቀኑን ሙሉ ካውያ የያዘ እጅ ብዕር ይከብደዋል። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ፤ አንቺ በግራ እጅሽ ትጽፊያለሽ ብሎ አባባ በማስመሪያ ሲመታሽ መዳፌን ዘርግቼ መሐል የገባሁት እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ሐሙስ የሠፈሩ ሰዎች ተሰብስበው መጡብኝ። ባለሱቁ፣ ጡረተኛው መምህርና የፎቁ ባለቤት ሴትዮ ናቸው። የመንገዱ ሠላሳ አንድ ውሾች በሙሉ በመርዝ ይወገዱልን የሚል ማመልከቻ ይዘዋል። ሃያ ስምንት ሰው ፈርሞበታል። ከሁሉም በላይ ያለችው መስመር ግን ባዶ ናት፤ ከጎኗ «የሟች እናት» ይላል። እንደ ክብር ወንበር ለእኔ ትተውልኝ ነው። ባለሱቁ አንገቱን ደፍቶ፣ እናቴ፣ ልጅዎን ያሳጣዎት ውሻ እኮ ነው፣ እርስዎ ከፈረሙ ማንም አይከራከረንም አለኝ። ሴትዮዋ ደግሞ፣ አሁንም ትራፊ ስታበያቸው በመስኮት አያለሁ፣ ለመሆኑ አንጀትሽ ከምን የተሠራ ነው አለችኝ። ካንቺ መስኮት የሚታይ ከሆነ ትራፊሽን ከዚያው ወርውሪልኝ፣ ደረጃ ከመውረድ ትገላገያለሽ አልኳት።

ብዕሩን ተቀብዬ በባዶው መስመር ላይ ቀስ ብዬ ጻፍኩ። «ልጄን የገደላት ያልደረሰ ክትባት ነው። መርዝ ትታችሁ እሱን ጠይቁልኝ።» ከሥሩ ፈረምኩ። መምህሩ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አነበበና፣ ወረቀቱን አበላሸሽው እኮ አለኝ። እንደገና ጻፉት፣ እኔም እንደገና አበላሸዋለሁ አልኩት።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የጽዳት ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ ውሾቹ የማን ናቸው አለኝ። የእኔ ናቸው አልኩት። ሠላሳ አንዱም? አለ። ሠላሳ አንዱም። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ቀጠሮ እስኪሰጠኝ አልነሳም አልኩት። እስከ ምሳ ሰዓት ታገሠኝ። በመጨረሻ፣ አሥር ቀን ሰጥቼሻለሁ፣ እስከዚያ ሰኞ ድረስ ተከትቦ ማሰሪያ ያጠለቀውን አንነካም፣ የቀረውን ግን እኔን እንዳትለምኚኝ አለ። አጽፌ በማኅተም አስመታሁት። የእንስሳት ሐኪሟ የፊታችን እሑድ ጠዋት ለሁሉም የሚበቃ የእብድ ውሻ ክትባት ይዛ ትመጣለች።

አንቺ የምታውቂውን ነው የምጽፈው፤ ግን ሌላ የሚጽፍላት የለም። ልጄ ቀን ማተሚያ ቤት ወረቀት ስታጥፍ ትውላለች። ማታ እግሯን ሶፋው ላይ ሰብስባ፣ አንቺ ባስተማርሻት ጥልፍ የአንገት ማሰሪያ ትጠልፋለች። ለእያንዳንዱ ውሻ የየራሱ ምልክት አለው፤ ለወፍራሙ ጭልፋ፣ ሲጮኽ ለሚያድረው ሬዲዮ። ማሰሪያ ማለት ይህ ውሻ ተከትቧል ማለት ነበር። መርዝ በታኞቹ ማሰሪያ ያለውን ያልፉታል፣ ልጆችም አይፈሩትም። ትዳር የለሽ፣ ገንዘብ የለሽ፣ ለውሻ ልብስ ትሰፊያለሽ እያልኩ ስንት ጊዜ ጨቀጨቅኳት! እማ፣ ልብስ አይደለም፣ መታወቂያ ነው ትለኛለች።

ከሰል የምንለው ጥቁሩ ውሻ እጇን የነከሳት ቀን እየሳቀች ነው የገባችው። ማሰሪያ አለው፣ አትደንግጪ አለችኝ። እኔም ወጥቼ አየሁት፤ አንገቱ ላይ አለ። ቁስሏን በሳሙና አጠብኩ፣ በጨርቅ አሰርኩና ዝም አልኩ። ሐኪም ቤት አልወሰድኳትም። ይህን ልብ በይልኝ፤ እኔ እናቷ ማሰሪያውን አይቼ ዝም አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ውኃ ስታይ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ማንም ምንም ማድረግ አልቻለም።

ከሰል ለካ ነክሷት በሳምንቱ ሞቷል። የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ ቀብሮት፣ እንዳታዝን ብሎ ሳይነግራት ቀረ። ማሰሪያውን ይዞልኝ የመጣው ከቀብር በኋላ ነው። በፈላ ውኃ አጥቤ ተኮስኩት። ምልክቱ አዝራር ነው። ሐኪሟ የተከተቡትን በየምልክታቸው የምትጽፍበትን መዝገብ ገልጣ አሳየችኝ፤ አዝራር የሚባል የለም። ልጄ ለትርፍ ሰዓት ሥራ ተይዛ አንቺ በእሷ ፋንታ ከሐኪሟ ጋር የዞርሽበት እሑድ፣ ክትባቱ ሰባት ውሻ ሲቀር አልቆ ነበር አለችኝ። በማግስቱ ደግሞ መርዝ እንደሚበተን ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ማሰሪያ የሌለው እንደሚሞት እያወቀ፣ ልብ ያለው ሰው እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል?

የልጄ ጥልፍ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ይሄ ወደ ግራ ነው። ዘበኛው፣ ማን ነው የጠለፈው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ሐኪሟም ጠየቀችኝ። ለእሷም አላውቅም አልኳት።

እኔ ጥልፍ የጀመርኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው። ጣቴ ወንፊት ሆኗል፤ ጭልፋ ብዬ የጀመርኩት አካፋ ይሆንብኛል። ሐኪሟ ግን ምንም ይሁን፣ መለየቱ ነው ቁም ነገሩ ትለኛለች። የድሮው ማሰሪያ ከእንግዲህ ስለማይታመን ለሠላሳ አንዱም አዲስ ነው የምጠልፈው፤ አሥራ ዘጠኝ ጨርሻለሁ። አሥራ ሁለት ይቀረኛል፤ ብቻዬን አልደርስም። ሕጉ አሁን አንድ ነው፤ ሳይከተብ ማሰሪያ የለም። ለእኔም፣ ለማንም።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ነይ። መርፌሽን ያዢ፤ ክር እዚህ አለ። የአዝራሩን ጥልፍ ፈትቼዋለሁ። ጨርቁ ደህና ነው፣ ለአንቺ ነው ያስቀመጥኩት፤ የፈለግሽውን ጥለፊበት። ሰው ምን ይለኛል አትበይ። በማስመሪያው ጊዜ የት እንደቆምኩ ታስታውሻለሽ። ዛሬም እዚያው ነኝ።

መንገዱን ያቅናልሽ፤ እጅሽን ይባርክልሽ፣ ግራውን በተለይ።

ታላቅ እህትሽ