ያልለቀቅሁት ተራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬም አልነገርኳቸውም።

ጠዋት እማማ ተዋቡ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። አፌን ከፈትኩ። "ብርዱ ባሰ አይደል?" አልኩ። "ባሰ" አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጽዋው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው፣ በነጭ ልብሱ እንደተጠቀለለ። የማርያም ማኅበራችን ጽዋ። ካለፈው ወር ሃያ አንድ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው፤ ለዚህ ወር ደጋሿ እኔ ነኝና። ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን ግን እዚህ አልኖርም። ጽዋውን ስቀበልም ይህንን አውቅ ነበር።

ስጽፈው ቀላል ይመስላል።

ባሌ ደረጀ ውጭ አገር፣ ሉሳካ፣ ሥራ አግኝቷል። ለሁለት ዓመት ነው፣ የከብት ክትባት ሥራ። ቤተሰብ ይዞ መሄድ ይቻላል። አሁን አዲስ አበባ ሆኖ የእኔንና የልጆቹን ቪዛ ይጠብቃል። "እስኪመታ ድረስ ትንፍሽ እንዳትይ" ብሎኛል። ምክንያት አለው። ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ልንሄድ ነው ብለን፣ ተሰናብተን፣ ተመርቀን፣ ድስትና ምንጣፍ ሳይቀር አድለን፣ ቪዛው ተከለከለ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ለወራት ያገኘኝ ሁሉ ሰው እንደሞተብኝ "አብሽሪ" ይለኝ ነበር።

ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። እኔ ያደረግሁት ሌላ ነው።

መስከረም ሃያ አንድ እማማ ተዋቡ ጽዋውን ከመስጠታቸው በፊት ሴቶቹ ሁሉ በተቀመጡበት ጠየቁኝ። የማኅበሩ ኃላፊ እሳቸው ናቸው። "መሲ፣ ስንዱ ስለት አለባት። ተራሽን ትለቂላታለሽ?" የእትዬ ስንዱ ልጅ ሐምሌ ላይ ከቤሩት ተመልሳለች። ስድስት ዓመት። የመጨረሻውን ሁለት ዓመት በሕይወት መኖሯም አይታወቅም ነበር።

"አዎ" ማለት ብቻ ነበረብኝ። ግን ናቲን ስወልድ ተራዬ አልፎኝ፣ ደመወዝተኛ ድግስ ይፈራል ተብሎ ተወርቶብኝ ነበር። ደግሞ ብለቅ "ለምን ለቀቀች? ወዴት ልትሄድ ነው?" የሚሉኝ መሰለኝ።

"ተራዬን አልለቅም" አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ። ስንዱ ነጠላዋን አስተካክላ መሬት መሬቱን አየች።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቪዛው ተመታ።

ደረጀ በእረፍት ሰዓት ደወለ። ይጮኻል። እኔ መምህራን ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ "እሺ፣ ጥሩ ነው" አልኩት፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደተነገረው ሰው። "አልተደሰትሽም እንዴ?" አለኝ። ተደስቻለሁ። ያም ያሳፍረኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከአዲስ አበባ እንበራለን። የዛሬ ሳምንት ከዚህ እንነሣለን።

የሚያዝ፦
የልጆቹ የክትባት ካርድ
በርበሬ፣ ሽሮ
የናቲ ብርድ ልብስ (ያለሱ አይተኛም)
የሶልያና አዲሱ ጫማ
ጽዋ

የመጨረሻውን ሰርዤዋለሁ። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ከሰዓት ወፍጮ ቤት ስንዱን አገኘኋት። ወገቧ ድረስ ዱቄት ለብሳለች።

"ቲቸር፣ ብቅሉን አሰጣሽው?"

ለድግሱ ጠላ ማለቷ ነው። ከእኔ ድግስ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። "አስጥቼዋለሁ" አልኩ።

"ጎሽ። ፀሐዩ ጥሩ ነው" አለችና ዓይኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ልጄን ትቼ መጥቻለሁ ብዬ ሮጥኩ።

ቤት እንደገባሁ ገብስ ነከርኩ። አንድ ሳምንት የቀረው ሰው ውሸቱን እውነት ለማድረግ ገብስ ይነክራል።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ገብሱን አጥልዬ በጆንያ ጠቀለልኩት። አንድ ጥግ ጆንያው፣ አንድ ጥግ ሻንጣዎቹ። ሻንጣዎቹን ሰው ሲመጣ አልጋ ሥር እገፋቸዋለሁ። ጆንያውን ግን መሃል ቤት አደርገዋለሁ፣ እንዲታይ።

ለርእሰ መምህሩ ነገርኩት። እንዳያወራ ለመንኩት። "ኸይር ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ግን ምን የሚያስደብቅ ነገር አለው?" አለኝ።

አመሻሽ ላይ ሶልያና ከእማማ ተዋቡ ደጅ መጣች። ስድስት ዓመቷ ነው።

"እማማ ተዋቡ አባትሽ የት ሄደ አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"ደሴ ስብሰባ አልኳቸው። ደግሞ እሑድ ይመጣል አልኳቸው።"

እንዲህ በይ ብዬ አላውቅም። ሚስጥር ነው ብቻ ነው ያልኳት። ስብሰባውንም እሑዱንም ከራሷ ነው ያመጣችው። ዓይኗን አላርገበገበችም። እንዳሞግሳት ቆማ ጠበቀች።

አላሞገስኳትም። አልተቆጣኋትምም። ፊቷን አጠብኩላት።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ለደረጀ ስለ ጽዋው ነገርኩት። እስካሁን አያውቅም ነበር። ሳቀ፤ ከዚያ እንዳልሳቅሁ ሲያውቅ ተወ።

"እማማ ተዋቡ ደጅ አስቀምጠሽው ውጪ። ስንደርስ ደውለሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ከሩቅ ይቀላል።"

ከሩቅ ይቀላል። እውነቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ይህንን ሐሳብ ይዤ ዋልኩ፣ እንደ ከረሜላ። ኔትወርኩ እንደሚቆራረጥ፣ "አይሰማም፣ አይሰማም" እያልኩ እንደምዘጋው ሁሉ አሰብኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ስንዱ ልጇን ስትልክ ወጥታ ሸኝታታለች። እዚህ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ፣ እያለቀሰች። ያኔ ልጅቷ የምትሄደው ሰው ቤት ልታጥብ ነበር። እኔ በባሌ ደመወዝ፣ ልጆቼን በግራና በቀኝ ይዤ የምሄደው ተደብቄ ነው።

ገብሱ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ናቲ ጆንያውን ከፍቶ "ጥርስ አወጣ!" ይላል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ተናገርኩ።

ጽዋውን ላወርድ ስል ልብሱ ላይ የናቲ እጅ አየሁ፣ የበላው ማርመላታ። መቼ ወንበር ላይ እንደወጣ እግዜር ይወቅ። ልብሱን አጥቤ አሰጣሁትና ባዶ እጄን ወደ እማማ ተዋቡ ሄድኩ። ካልሄድኩ እንደገና ሌላ ሰበብ ላገኝ ነው።

ምስር ይለቅማሉ። ቆሜ ነው የነገርኳቸው። ሥራውን፣ ሉሳካን፣ ማክሰኞን፣ ጽዋውን። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ፈጠንኩ።

ከምስሩ ቀና አላሉም። "አውቃለሁ" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጳጉሜን። ባልሽ ለሁለቱም ልጆች በአንድ ቀን የልደት ካርድ ሲያወጣ የቀበሌዋ ጸሐፊ ነገረችን። ለሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ የልደት ካርድ የሚያወጣ ወዴት ሊሄድ ነው? ለገበያ?"

ከጳጉሜን። ከማኅበሩ ቀን በፊት ማለት ነው። ተቀመጥኩ። ማንም ተቀመጪ አላለኝም።

"ታዲያ ለምን ተራሽን ልቀቂ አሉኝ?"

"በር ከፈትኩልሽ ልጄ። በስንዱ አሳብበሽ እንድትወጪ። ሳታፍሪ።" አንድ ጠጠር ወረወሩ። "አንቺ ግን በሩን ፊቴ ላይ ዘጋሽው።"

"እትዬ ስንዱም ታውቃለች?"

"ከስንዱ ጋር ተማክረን አይደል እንዴ!"

ወፍጮ ቤት። ብቅሉን አሰጣሽው። እሷም በር እየከፈተችልኝ ነበር።

እማማ ተዋቡ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። "ለስንዱ በእጅሽ ስጫት። እኔ አልሰጥልሽም" አሉ፣ ምስራቸውን ቀጠሉ።


እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ልብሱ ገና ስላልደረቀ ጽዋውን በራሴ ነጠላ ጠቅልዬ ነው። ጆንያውንም ተሸከምኩ። መንገዱ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። የሚያውቀኝ ሁሉ ያየኝ መሰለኝ። ምናልባት አይተውኛል።

ስንዱ ደጅ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጇ ጸጉሯን ትሠራታለች። ልጅቷ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። ቀጭን ናት፣ ዝምተኛ። የግራ እጇን ጣቶች ሙሉ በሙሉ አትዘረጋቸውም።

"እትዬ ስንዱ፣ ዋሽቼሻለሁ" አልኩ። ሌላ ያሰናዳሁት ነገር ሁሉ ጠፋኝ።

ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ተሳለመችው። ለልጇ ሰጠቻት፣ ልጅቷም ተሳለመችው፤ ይዛው ወደ ቤት ገባች። ስንዱ ጆንያውን ፈታች። አንድ ጭብጥ አንሥታ በጣቷ አሻሸችው። እርጥብ ነው፣ ገና አሁን የበቀለ። ማክሰኞ "አስጥቼዋለሁ" ያልኩት።

ምንም አላለችም። ምነው ባለች! ብቅሉን መልሳ ጆንያው ውስጥ አደረገችው።

"ልብሱን ነገ አመጣለሁ" አልኳት።

"እሺ።"

ይህች ብቻ ናት የወጣቻት። እሺ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ደሴ

ከመካነ ሰላም የወጣነው ገና ሳይነጋጋ ነው። እማማ ተዋቡ ለልጆቹ ዳቦ ይዘው ወጡ፤ ግንባራቸውን ሳሙ። የእኔንም። ስንዱ አልመጣችም። አውቶቡሱ እስኪዞር ድረስ በመስኮት አየሁ።

አቀስታ ላይ ናቲ አስመለሰው። ወርደን ልብስ ልቀይርለት ትንሹን ሻንጣ ከፈትኩ። ከሸሚዞቹ መሃል ነጭ ነገር ወጣ።

የጽዋው ልብስ።

ሰኞ ከገመዱ ላይ ሁሉንም በአንድ እቅፍ ሰብስቤ ከትቼ ነበር። ነገ አመጣለሁ ያልኩትን ረስቼዋለሁ። ሙሉ በሙሉ።

መጀመሪያ የመጣልኝን ሐሳብ ልጻፈው፦ ዝም በይ፣ ከአዲስ አበባ በሰው ትልኪዋለሽ። ድምፁን አወቅሁት፤ ያው "ከሩቅ ይቀላል" ነው። ናቲ ሸሚዙን እንዳወለቀ ደወልኩላት።

"እትዬ ስንዱ፣ የጽዋው ልብስ እኔ ሻንጣ ውስጥ ነው። ሳላይ ከትቼው።"

"አንቺ ሌባ!"

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

"ተራዬን ከለከልሽኝ፣ አሁን ደግሞ ጽዋውን ገፈሽ ልብሱን ይዘሽ ኮበለልሽ? ራቁቱን ላውጣው? ሰው ፊት? ይህንን ነው ለሰው ልጅ የምታስተምሪው? ብቅልሽም እንዳንቺው ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ አሰጣሁት፣ አልደርቅም አለኝ! ወላሂ፣ ምን ያለችው መምህር ናት!"

ቀጠለች። ከኋላዋ አንዲት ሴት ስትስቅ ይሰማኛል፤ ልጅቷ መሆኗ ነው። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። እኔ እያለቀስኩ ነበር፣ ወይም እየሳቅሁ፤ ሶልያና ግራ ገብቷት ቀሚሴን ይዛ ታየኛለች። የእሑዱ "እሺ" ሁለት ቀን ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስድቡ አነሣው።

"በመኪና ላኪው። አሁን። ደግሞ ልጁን ብርድ እንዳታስመቺው" ብላ ዘጋችው።

ወደ መካነ ሰላም የምትመለስ ሚኒባስ አገኘሁ። ልብሱን አጥፌ በፌስታል አደረግሁት፣ ስሟንና ስልኳን ጻፍኩበት። የእኛ ሹፌር ጥሩምባውን ይነፋል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል። ሚኒባሷ እስክትነሣ አልተነቃነቅሁም።

ደሴ ደርሰን አልጋ ይዘናል። አመሻሽ ላይ ስንዱ ደወለች። "ደርሷል" አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ሶልያና ፌስታሉ ውስጥ ምን እንደነበረ ጠየቀችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። ተራውን፣ ውሸቱን፣ ገብሱን፣ ሁሉንም። ለስድስት ዓመት ልጅ ይበዛ ይሆናል።

ስጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሚስጥር ነው?" አለች።

አይደለም አልኳት።