ስክሪኑ ቢጠቁር ጸበል እንዳትረጪ

ኤሊዬ፣
የኮምፒውተሩን ነገር ጨረስኩት። እኔ እኮ ጉድ ነኝ።

ከእንግዲህ ያንን የስታትስቲክስ ቨርቹዋል ማሽንሽን፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሠራውን ሌላ ኮምፒውተር፣ ስትዘጊው ስክሪኑ ጠቁሮ አይቀርም፣ ዴስክቶፑ ራሱ ይነሳል። ምንም አትንኪ። አንዴ አባታችን ሆይ በይ፣ አሜን ሳትዪ ይመጣል። ጠዋት ሰባት ጊዜ ሞከርኩት፣ ሰባቴም መጣ፣ ብቻዬን ስጨፍር ነበር።

እንደ ባለፈው ሞተ ብለሽ ጸበል እንዳትረጪበት፣ በማርያም። የኪቦርዱ ስፔስ እስካሁን ይጣበቃል።

አንድ ነገር ግን...
ዴስክቶፑ ሲነሳ እንደ አዲስ ነው የሚነሳው፣ ተከፍቶ የነበረው ሁሉ ይዘጋል።
ጠዋት ስሞክረው የመመረቂያ ጽሑፍሽ ምዕራፍ ሦስት ተከፍቶ ነበር።
ሴቭ አድርገሽዋል አይደል?

እኔ ድብ ባሕር፣ አክስቴ ይመኙሽ ጋ ሄጃለሁ። ስልኬን አጥፍቼዋለሁ፣ ባትሪ ለመቆጠብ።

ጸበሉ መስኮቱ ላይ አለ። መጀመሪያ አንቺ ጠጪ፣ ከዛ ኮምፒውተሩን ክፈቺ።

ዝማሬ