ሮኮን ስለማንሳት ለክቡር ሰብሳቢው የቀረበ ማብራሪያ

ለክቡር አቶ ኤልድሪጅ ፓክስተን
በኒው ጀርሲ የዌልተን ከተማ ምክር ቤት አባልና የልዩ ዝግጅቶች ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ ሮኮ የተባለውን ግለሰብ ስለማንሳት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ የጸና፣ የሳሎንዎ ቴሌቪዥንም ከብልሽት የተጠበቀ ይሁን።

በዚያ የጣልያን ማፊያ የወንበዴ ድራማ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ስፓጌቲውን በሹካ እየጠቀለለ «ያንን ሰው በደንብ ሸኙልኝ» ሲል፣ እስከ በሩ ነው ወይስ እስከ መቃብሩ ብሎ ያልጠየቀ ተመልካች ይኖራል? እኔም ጠይቄያለሁ። ልዩነታችን እኔ ጠይቄ መተኛቴ፣ እርስዎ ግን ጠይቀው በማግስቱ ቢሮ መግባትዎ ነው።

ስሜ ኒኮሌታ ዲፊዮሬ ይባላል። ባለፈው የገና በዓል ሰሞን በሕዝብ አስተዳደር ተመርቄ፣ ዓለምን በአንድ ሳምንት ለማስተካከል ቆርጬ፣ የሳን ሮኮ መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ ሆንኩ። የመጀመሪያ ሥራዬም ለእርስዎ ኮሚቴ የፈቃድ ማመልከቻ መሙላት ነበር። እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ ማኅበራችን በየዓመቱ በኦገስት አጋማሽ የሳን ሮኮን፣ ማለትም የቅዱስ ሮኮን፣ ሐውልት አራት ፎቅ በሚያህል የእንጨት ማማ ላይ አቁሞ፣ በመቶ ሃያ ሰው ትከሻ ተሸክሞ በከትለር ጎዳና ያዞራል። ተሸካሚዎቹን በከዘራ የሚመራው አዛውንት «ካፖ» ይባላል፤ በአራቱ ማዕዘን የሚቆሙት ደግሞ ምክትሎቹ ናቸው። ቅድመ አያቶቻችን ከጣልያን፣ ከኔፕልስ አካባቢ ይዘውት የመጡት አጠራር በመሆኑ፣ እኔም በኩራት እንዳለ ጻፍኩት። ከአምስት ወር በኋላ የደረሰን መልስ፣ ከወንበዴ ድራማው ጋር የተመሳሰሉት የማዕረግ ስሞች ካልተቀየሩና ባለማዕረጎቹ ለፖሊስ ካልቀረቡ መንገዱ እንደማይዘጋልን ይገልጻል። ስለ ጥንቃቄዎ እጅግ እያመሰገንኩ፣ ጥቃቅን ቅሬታዎቼን ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

፩. ከደብዳቤዎ ጋር አባሪ ያደረጉት ሥዕላዊ መግለጫ ደርሶናል፤ መስመሮቹ በማስመሪያ በመሰመራቸው ተደስተናል። የዘንድሮው ካፖ የሆኑትን አጎቴን ሳቬሪዮን ከላይ፣ አራቱን ምክትሎች ከሥራቸው፣ መቶ ሃያዎቹን ተሸካሚዎች ደግሞ «ወታደሮች» ብለው ከታች አስቀምጠዋል። ከወታደሮቹ ሁለቱ የጥርስ ሐኪሞች፣ አንዱ የደብሩ ኦርጋን ተጫዋች መሆናቸውን ስገልጽ በትሕትና ነው። በድራማው ካፖ የወንበዴ አለቃ ቢሆንም፣ በአያቶቻችን ቋንቋ ግን ማንኛውም አለቃ ማለት ነው፤ የወጥ ቤት አለቃም፣ የባቡር ጣቢያ አለቃም ካፖ ነው። «ኮንሲሊየሪ» የሚለው ሳጥን ባዶ መሆኑ ኮሚቴውን እንዳሳሰበው ጽፈዋል። በድራማው ላይ የአለቃው ምስጢረኛ አማካሪ እንደሚባልበት አውቃለሁ፤ በጣልያን አገር ግን ቃሉ የከተማ ምክር ቤት አባል ማለትም ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው የእርስዎ ስም ነውና፣ እባክዎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይሙሉልን።

፪. በማመልከቻው ላይ «የእሳት አደጋ ኃላፊው የእኛ ወዳጅ ናቸው» ብዬ ጽፌ ነበር። ለካስ በድራማው «የእኔ ወዳጅ» ሲባል ተራ ሰው ነው፤ «የእኛ ወዳጅ» ሲባል ግን የወንበዴዎቹን መሐላ የፈጸመ ነው! ይህን ልዩነት ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም፤ ኮሚቴዎ ስላስተማረኝ ባለውለታዬ ነው። ቀይ ፀጉራሙ አየርላንዳዊ ኃላፊ መቼና የት እንደማሉ በደብዳቤ ተጠይቀው ማኅበራችን ድረስ መጡና፣ «ሰው አንድ ሳህን ላዛኛ በላ ተብሎ ይሄ ሁሉ?» ብለውን ሄዱ። ወዳጅነታችን ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሽ ቀዝቅዟል።

፫. በጁን ወር ስብሰባ ላይ አጎቴ ሳቬሪዮ ሥነ ሥርዓቱን እንዲያስረዱ ዕድል ስለሰጧቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቃለ ጉባኤውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አጎቴ ክራቫታቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ «ሮኮን እሁድ ጠዋት እናነሳዋለን» አሉ። «መቶ ሃያ ሆነን ነው የምንይዘው። ፊሎሜና ዳቦ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ጣል ነው። ኮሽ አይልም፤ ጎረቤት እንኳ አይሰማም!» እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው «ሰውዬው ይህን ያውቃል?» ብለው ጠየቁ። «ማን፣ ሮኮ? በየዓመቱ ነው የምናነሳው፣ ለምዶታል!» በግራዎ የተቀመጡት ወይዘሮ በቀጭን ድምፅ «ቤተሰብ የለውም እንዴ?» ሲሉ፣ አጎቴ «ምን ቤተሰብ አለው፣ አንድ ውሻ ብቻ!» አሉ። ውሻው ምን እንደሚሆን ሲጠየቁ «አብሮት ይሄዳላ!» ብለው መለሱ። ከዚህ በኋላ ቃለ ጉባኤው «ስብሰባው ለአሥር ደቂቃ ተቋረጠ» ይላል።

ክቡርነትዎ፣ ሮኮ ያረፈው ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት ነው፤ ውሻውም የጀሶ ነው። ጭኑ ላይ ያለው ቁስል የወረርሽኝ እንጂ የጥይት አለመሆኑን ምርመራ ለጀመሩት የፖሊስ መኮንን እንዲነግሩልኝ እለምናለሁ። ማማው ሲወርድ ኮሽ አለማለቱም ምስጢራችን ሳይሆን ኩራታችን ነው፤ አንዱ እግር ከሌላው ቀድሞ መሬት ከነካ ካፖው ዓመቱን ሙሉ ፀጉር አስተካካዩ ቤት መግባት ያፍራል።

የእኛም ወገን ንጹሕ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ጂኖ መነጽር ሻጭ ነው፤ ዝንብ እንኳ ገድሎ አያውቅም። ሆኖም ድራማው ከጀመረ ወዲህ አንገቱ ላይ ወፍራም ሰንሰለት አጥልቆ «ዛሬ እጨርሰዋለሁ!» እያለ ይዝታል፤ የሚዝተው በሣር ማጨጃው ላይ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ነው አልልም፤ አብዛኛው ነው።

የሚቀጥለውን ቅሬታ በቁጥር ማስቀመጥ ከብዶኛል። «ካፖ» የሚለው ቀርቶ «የቡድን አስተባባሪ» ቢባል ፈቃዱ በዕለቱ እንደሚፈረም በቸርነትዎ ጽፈውልናል። አጎቴ ሳቬሪዮ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከሃያ ዓመታቸው ጀምሮ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተሸከሙ፤ በቀኝ ትከሻቸው ላይ የሎሚ ፍሬ የሚያህል እብጠት አለ፤ ሸሚዝ ሰፊው ሁልጊዜ በዚያ በኩል ጨርቅ ይጨምርላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሃያ አንድ ዓመት በግራ ማዕዘን በምክትልነት ቆሙ። ባለፈው ሴፕቴምበር የቀድሞው ካፖ ጉልበታቸው ሲደክም ከዘራውን ለእሳቸው አስረከቡ። ሐኪማቸው እስከ ዘንድሮ ፈቅዶላቸዋል፤ ስለ ከርሞ ሲጠየቅ ወሬ ይለውጣል። ደብዳቤዎን ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «አስተባባሪ? አስተባባሪ ያለው አውቶቡስ ጣቢያ ነው» አሉ። ቀጥለውም «አንቺ ልጅ፣ አራት ዓመት ተምረሽ አንዲት ፎርም መሙላት አቃተሽ?» አሉኝ። ቀልዳቸው ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም በዚያች ሳጥን ውስጥ «አስተባባሪ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ ዛሬ አጎቴ ጓሮ ቆመው ለማንም ሳይሆን ለቲማቲሞቻቸው ትእዛዝ አይሰጡም ነበር።

ማመልከቻውን አልቀይርም። የተማርኩት የሕዝብ አስተዳደር ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ስም እንዲተዳደር የሚፈቅድ መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል። አናጢው ማማውን ለማቆም ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ኮሚቴዎ የሚሰበሰበው በመጪው ማክሰኞ ነው። ከማክሰኞ ያለፈ ፊርማ ለከርሞ ነው፤ ከርሞ ደግሞ ከዘራውን ማን እንደሚይዝ አላውቅም።

የአንድ ቃል ትርጉም ለማጣራት አምስት ወር ለማይሰስተው ትዕግሥትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለመላው ኮሚቴም መልካም የድራማ ምሽት እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ኒኮሌታ ዲፊዮሬ
የሳን ሮኮ መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ፣ በምንም መሐላ ያልተሾመች

ተጨማሪ፦ ሰባት የኮሚቴ አባላት ሆናችሁ አንዲት እስክሪብቶ ለማንሳት አምስት ወር እንደፈጀባችሁ ስለተረዳን፣ ልምምድ ይሆናችሁ ዘንድ በማማው ሥር ሰባት ቦታ ይዘንላችኋል። ተሸካሚ የሚደለደለው በቁመት ነውና፣ ፊርማዎን ሲልኩ ከመሬት እስከ ትከሻዎ ስንት ኢንች እንደሆነ አብረው ይጻፉልን።