ከደምለው መቀመጫ ሥር የሸሸግሁት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ ለወይዘሮ አሰበች፦

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያስነክስዎ ቁርጥማት ዘንድሮስ ተወዎት ወይ? ጤፉ ፍሬ ያዘ? እኔ ወባው ለቅቆኝ እህል መቅመስ ጀምሬያለሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን የምጽፍልዎ ግን ቀን ሥራ ከወረድሁበት የሰሊጥ እርሻ ሳይሆን መተማ ከእስር ቤት ሆኜ ነው። እህቴ ሀብትነሽ ስታነብልዎ አይደንግጡ፤ ሰው አልገደልሁም።

የሰሊጡ አጨዳ ሲያልቅ ሽንፋ ገበያ ላይ አራት ቶብ ገዛሁ፤ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡት ስስ ልብስ ነው። አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለእህቴ ሠርግ፣ የቀሩት ተሸጠው ለበሬ መግዣ እንዲሆኑ ነበር ሐሳቤ። ያለ ቀረጥ የገባ ዕቃ እንደሚያስቀጣ አውቅ ነበር። ወደ ጎንደር ሰሊጥ የሚጭን ደምለው የሚባል ሾፌር ወባ ሲያንዘፈዝፈኝ አይቶ ጋቢና አስገባኝ፤ ካፖርቱንም አውልቆ አለበሰኝ። እሱ ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ ቶቦቹን ከመቀመጫው ሥር ወሸቅኋቸው። እናቴ፣ ደግነቱን የመለስሁለት በዚህ ነው።

ኬላ ላይ ፈታሾቹ አገኟቸው። የማን ነው ቢሉ ደምለው አላውቅም ብሎ ማለ። እኔ የእኔ ነው ሳልል ካፖርቱን ተከናነብሁ። እሱን አሰሩት፣ መኪናውንም ያዙት፤ እኔን በሽተኛ ነው ብለው ለቀቁኝ።

ሦስት ቀን የከተማው ክሊኒክ በረንዳ ላይ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን የደምለው ሚስት ታንጉ ሾርባ ይዛ መጣች። ያ ወባ የያዘው ልጅ የሚያየው የለውም፣ እስቲ ፈልጊው ብሏት ኖሯል። ሾርባውን ሰጥታኝ ስታበቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የተገኘበት የሴት ልብስ ነው አሉ፤ በመድኃኔዓለም፣ ሴት አሳፍሮ ነበር ወይ?» አለችኝ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ሾርባውን አስቀመጥሁ። ልብሱ የእኔ መሆኑን ነገርኋትና በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እጄን ሰጠሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላልና፣ እኔ ካመንሁ እሱ የሚፈታ መስሎኝ ነበር። ዳኛው ግን መመሪያው ሾፌሩ ዐውቋል አላወቀም ብሎ እንደማይጠይቅ አስረዱኝ፤ ዕቃው ከመኪናው ከተገኘ ያስቀጣዋል። የእኔ ነው የሚል ሾፌር አይተን አናውቅም፣ የሁሉን ልብ መርምረን አንዘልቀውም አሉ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው አልነበረም። ለእኔ አራት ወር፣ ባልበላው ዕዳ ደግሞ ለእሱ ሁለት ወር ፈረዱ። ምክንያታቸው ይገባኛል እናቴ፤ ልቤ ግን እንቢ አለኝ።

ያስገቡን አንድ ክፍል ነው። ይመታኛል ብዬ ጥጌን ይዤ ተቀመጥሁ። ደምለው ግን፣ «ሕጉ ዐውቀህ ነው ወይ ብሎ ባይጠይቀኝም ታንጉ ትጠይቀኝ ነበር። ዛሬ አመነችኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሁለታችንንም ስንቅ የምታመላልሰው እሷ ናት፤ ለእኔ ስታቀብለኝ ግን ፊቴን አታየኝም። አልፈርድባትም።

አጎቴን አዛናውን፣ አውድማውን አደራ እያልሁ በጣም ሰላም ይበሉልኝ። ጎረቤታችንን ውባንችን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። ሀብትነሽ እህቴ፣ ለጥር ሠርግሽ አልደርስምና አትቀየሚኝ፤ ያለ ቶብም ታምሪያለሽ። እርስዎም እናቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ የእኔን ስም ከመጥራትዎ በፊት የደምለውን ያስቀድሙልኝ። የክርስትና ስሙ ገብረማርያም ነው።

ልጅዎ ማሩ
መተማ፣ ኅዳር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.