በስህተት የተሰጠኝን ምርቃት ስለ መመለስ

በቢቸና ከተማ ለሚገኝ አንድ ክሊኒክ የተከበሩ ኃላፊ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፣ ጆሮዎንም እንደ እጅዎ ፈጣን ያድርግልዎ። እኔ የሞጣዋ ወለተ ገብርኤል፣ ሆዴ ከጎደለ ወዲህ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይሁንና በጣም ደህና ነኝ። የእርስዎን ስምም ሆነ የክሊኒክዎን ስም በዚህ ጋዜጣ ላይ አለመጥራቴን እንደ ፍርሃት አይቁጠሩብኝ። በሰው ፊት ማፈር እንዴት እንደሚያቃጥል እርስዎ በሚገባ ስላስተማሩኝ፣ ለአስተማሪዬ ያንኑ ትምህርት መልሼ መስጠት ነውር መስሎ ታይቶኝ ነው።

የመነነች ሴት ስለ ሆዷ በአደባባይ ስትጽፍ ማየት ለአንባቢም ለእኔም የሚያሳፍር ነገር ነው። ነገር ግን አምሳለች የምትባል የጎረቤቴ ልጅ ሆዷ ማበጥ ጀምሮ፣ እርስዎ ዘንድ ከመምጣት ይልቅ በመቀነት ጠፍራ ማሰርን መርጣለች። ይህንን የመረጠችውም በእኔ የደረሰውን አይታ ነው። የእኔ እፍረት ከእርሷ ሕይወት አይበልጥምና ቅሬታዎቼን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ሆዴ እየተነፋ፣ ጎኔንም እየወጋኝ ቢያስቸግረኝ፣ ቢቸና የተማረ ሰው አለ ሲሉ ሰምቼ በበቅሎ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ግቢዎ በሰው ተሞልቷል። እርስዎም የሰው ጊዜ እንዲባክን የማይወዱ ነዎትና፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳመመኝ ሳይጠይቁ፣ በራሴ ላይ ያለውን ቆብም ሳያዩ፣ ሆዴን ጫን ጫን አድርገው እጅዎን ታጠቡ። ቀጥለውም እስከ ግቢው አጥር በሚሰማ ድምፅ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» ብለው መረቁኝ። ውጭ የተቀመጡት ሴቶች ምርቃት ሰምተው ዝም ማለት አያውቁምና፣ ሁሉም በአንድ አፍ «አሜን!» አሉ።

ስለዚህ ምርቃት አንድ ነገር ልንገርዎ። ከሟቹ ባለቤቴ ከመሪጌታ ሣህለ ማርያም ጋር ስንኖር፣ ይህንን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ያልተሳልሁበት ታቦት፣ ያልጠጣሁት ጠበል አልነበረም፤ መርጡለ ማርያም ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ። ቃሉ ሳይመጣ ባለቤቴ ዐረፈ፤ እኔም ቆብ ደፋሁ። እርስዎ ግን በትዳሬ ዘመን ሁሉ የተነፈግሁትን፣ ባልም ልጅም ማሰብ ከተውሁ በኋላ፣ በአንድ ትንፋሽ ሰጡኝ። ለዚህ ለጋስነትዎ የሚመጥን ምስጋና እስካሁን አላገኘሁም።

ሁለተኛ፦ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እያልሁም ቢሆን፣ የሴቶችን ሕመም ለይቶ የሚያውቅ ሐኪም ዘንድ እንዲልኩኝ ለምኜዎት ነበር። እርስዎም ፈገግ ብለው «ለዚህ ስፔሻሊስት አያስፈልግም፤ አዋላጅ ይበቃሻል» አሉኝ። በእናትዎ ዕድሜ ያለችውን መነኩሲት «አንቺ» ማለትዎን ለወጣትነትዎ ሰጥቼ አልፌዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ከግቢዎ ሴቶች መካከል የማርያም ማኅበራችን አባል ወይዘሮ ፋንታነሽ ነበረች። የተመለሰችው በጭነት መኪና ስለነበር ወሬው ከእኔና ከበቅሎዬ ቀድሞ ሞጣ ገባ። የነፍስ አባቴ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ በሰው መፍረድ የማይወዱ ደግ ሰው ናቸውና፣ ነገሩ እስኪለይ ቆቤን እንዳወልቅ ነገሩኝ። አወለቅሁ። የማኅበሩ ጽዋ የእኔ ተራ ሲደርስ ቤቴን አልፎ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን የሴቶቹ ደግነት ነበር። አንዳቸውም አልሰደቡኝም። ለአራስ ገንፎ የሚሆን እህል አስፈጭተው፣ ለሕፃን መታቀፊያ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ይዘው፣ ሰው እንዳያያቸው በጓሮ በኩል እየገቡ አስቀመጡልኝ። አባቱ ማን እንደሆነ በዓይናቸው እንጂ በአፋቸው አልጠየቁኝም።

እኔም፣ ክቡር ሆይ፣ ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ወንድ የማላውቅ ሴት፣ አንድ ቀን በሬን ዘግቼ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ይንቀሳቀስ እንደሆነ አዳመጥሁ። የተማረ ሰው ተሳሳተ ለማለት አቅም አጣሁ። ከሁሉ የበለጠ የማፍረው በሌላ አይደለም፤ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከራሴ ይልቅ እርስዎን በማመኔ ነው።

አራተኛ፦ በእርስዎ ግምት በክረምቱ መውለድ ነበረብኝ። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀልም ተከበረ፤ ከሆዴ ማደግና ከሕመሙ መባስ በቀር የመጣ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ወንድሜ ኃይለ ሚካኤል ከጉንደ ወይን መጥቶ፣ እኔ አላይም፣ አልታይም እያልሁ፣ እንደምንም አዲስ አበባ አደረሰኝ። እዚያ ያገኘሁት የሴቶች ሐኪም አስቀድሞ በሩን ዘጋ፤ መጋረጃውን ሳበ፤ ከዚያም ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ሕክምና መኖሩን ላያውቁ ስለሚችሉ ነው በዝርዝር የምጽፍልዎ። በማኅፀኔ ጎን በዘር ዕጢ ላይ የበቀለ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት መሆኑን፣ በእነርሱ ቋንቋም ሲስት እንደሚባል፣ ክፉ ባይሆንም መውጣት እንዳለበት አስረዳኝ። በቀዶ ጥገና አወጣልኝና ዳንሁ።

ድኜ ስገባ አገሩ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ለካ ለእርስዎ ምርቃት ማርከሻ የለውም። አርግዛለች የተባለች ሴት ሆዷ ጎድሎ፣ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ የሚጠየቀው ልጁ ምን ደረሰ የሚለው ነው። ታምሜ የተጠረጠርሁት በአንድ ኃጢአት ነበር፤ ድኜ ግን ሁለተኛ ተጨመረልኝ። ወንድሜ መጥቶ አንድ ቃል እንዲናገሩልኝ ቢለምንዎ፣ ታካሚ ስለሚበዛብዎ የአምናውን እንደማያስታውሱ ነገሩት። ቆቤ እስከ ዛሬ ሙዳይ ውስጥ ነው።

የቀረው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ስለሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። አምሳለች ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ውሃ ስትቀዳልኝ የከረመች ልጅ ናት። እንስራዋን ስታወርድ ጎኗን ስትይዝ አይቼ፣ ለምኜ መቀነቷን አስፈታኋት። እኔን ያመመኝ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም፤ በእጅ ነክቶ ወዲያው ማወቅ የእርስዎ ሙያ ነው። አዲስ አበባ እንውሰዳት ብል እናቷ ይርጋነሽ አለቀሰች። «እማሆይ፣ እርስዎ እንኳ በዚህ ዕድሜዎ፣ በቆብዎ አልታመኑም፤ ያላገባች ልጄ ሆዷ ጎድሎ ብትመጣ ማን ያምናታል?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ በፋሲካ ማግስት ባለው የመጀመሪያ የገበያ ቀን እኔና አምሳለች ከእናቷ ጋር ግቢዎ እንመጣለን። በዚያው ደጃፍ ቆመው፣ በዚያው ድምፅ፣ ወለተ ገብርኤል አላረገዘችም ነበር፣ ሕመም ነበር፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ ይበሉ። «አሜን» የሚሉትን ሴቶች ማምጣት የእኔ ድርሻ ይሁን። ከዚያ ልጅቷን አስገብተው በሩን ይዝጉ፤ ይጠይቋት። ያላወቁት ነገር ከሆነ አላውቅም ይበሉና ወደሚያውቅ ይላኩልን። ማንም በዚህ አያፍርብዎትም፤ የማፈሩን ነገር እኔ ሠርቼ ጨርሼልዎታለሁ።

ፈጣሪ ሆድዎን ከቁርጠት፣ ስምዎንም ከገበያ ወሬ ይጠብቅልዎ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

እማሆይ ይሁን ወይዘሮ እርስዎ እስኪወስኑልኝ ድረስ እንዲሁ
ወለተ ገብርኤል
ሞጣ፣ መጋቢት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ለምርመራ ክፍልዎ በር የሚሆን መጋረጃ በእጄ ሰፍቼ በወንድሜ በኩል ልኬልዎታለሁ። ጨርቁ አዲስ ነው፤ ማንም አልታቀፈበትም። ሴቶቹ እርስዎ ላበሠሩት ልጅ ያመጡልኝን መታቀፊያ አንድ ላይ ገጣጥሜው ነው። ያጥር ይሆን ብለው አይስጉ፤ ጎረቤቶቼ ደጋጎች ናቸውና በሩን ሸፍኖ ለመስኮቱም ይበቃል።