የኩኩ ባሩድ

ለዛቫንሼ፣ ጄኔቭ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

አስረስ ወንድሜ፣ የኩኩ የመጨረሻ ልጅ፤

እንደምን ከረምክ? ዲቤንዶርፍ በረዶ ጀምሯል አሉ፤ ደረትህን ሸፍን። እኔ ጉልበቴን ካላነሳነው ደህና ነኝ።

ክሴ ውድቅ ሆነ። ፌዴራሎቹ በሬን ሰብረው ገብተው ሁለት ቀን ቢያስሩኝም ጥፋት የለባቸውም ተባለ፤ መሐላ የፈጸመ አስተርጓሚ የተረጎመላቸውን ስልክ አምነው ነው አሉ። ጠበቃዬ ሬኩር እንበል ትላለች፤ ይግባኝ ማለቷ ነው። ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። እሷንም ብዙ አላምናት፤ ሳቅ ታበዛለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትል የለ ኩኩ? ፖስተኛዋን ደብዳቤዬን ብርሃን ላይ ይዛ ስታይ ደርሼባታለሁ። በዚያ ስልክ ያወራኋትን ሕብስትንማ ሁለት ወር ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ነፈግኳት። «እትዬ ፈትለ፣ ምን በድዬዎት ነው?» ስትለኝ ፊቴን አዞርኩ። ምስኪን!

ባለፈው ሳምንት ግን የስልኩ የጀርመንኛ ትርጉም እጄ ገባ። ለሕብስት ያልኳት ይህንኑ ነው፤ «ባሩዱ ከአዲስ አበባ ገብቷል፤ ቅዳሜ እንከፋፈለዋለን። ኩኩ እንዳለችው ዓይን አጠገብ እንዳታደርሺው።» ወረቀቱ ላይ የጠመንጃ ባሩድ ሆኗል። የላቦራቶሪያቸው ሰው አስነጥሶት ነው የፈቱኝ። ይሁን፤ ሚጥሚጣን ባሩድ የምንለው እኛ ቤት ነው፣ ባዕድ ከየት ያውቀዋል?

ከግርጌው ግን አስተርጓሚው ማብራሪያ ጨምሯል፤ «ኩኩ፦ የተናጋሪዋ ሟች እናት።»

አስረስ፣ በስልኩ እናቴ አላልኩም። ሞተች አላልኩም። ሕብስት እንኳ ኩኩ ማን እንደሆነች አታውቅም፤ አገር ሁሉ ወይዘሮ ዝናሽ ነበር የሚላት። ኩኩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ባሩዷን ያውቃል፤ በልጅነቱ ዓይኑን አቃጥላው አልቅሷል።

የአስተርጓሚው ስም በቁጥር ተሸፍኗል። ይገለጥልኝ ብዬ የምፈርምበት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አራት ቀን ሆነው፣ አልፈረምኩም። የማስተረጉመው ለሆስፒታል ብቻ ነው ስትለኝ አምኜህ ነበር። ምናልባት ሚጥሚጣ መሆኑን ነግረሃቸው አልሰማ ብለውህ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ አውቀው ነው ያሰሩኝ፣ ይግባኙም ይጸናል፤ መጥተህ መስክርልኝ። ፈርተህ ዝም ብለህ ከሆነም ንገረኝ። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን አንተን መጠርጠሩ ነው ያመመኝ።

ኪዳነ ምሕረት ከክፉ ሰው ትሰውርህ፤ ከክፉ ዝምታም።

እህትህ ፈትለወርቅ

ከደብዳቤው ጋር አንድ ብልቃጥ ልኬልሃለሁ፤ ከዚያው የተረፈ ነው። ምን እንደሆነ ላዩ ላይ አልጻፍኩም። አንተ በእጅህ በጀርመንኛ ጻፍበትና ከሰኞ በፊት መልሰህ ላክልኝ።